የጣት ጫፍ ውኃ

የተጠማን ማጠጣት ከምግባር ሁሉ አስቀድሞ የሚቈጠር መሆኑን ከክርስቲያን ወገን የሚክድ የለም። በመጨረሻዪቱም ቀን ከሚቀርቡት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው እንደሆነ ሕፃናት እንኳ ያውቁታል። ነገር ግን ማጠጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳይመረመር እየቀረ፥ አንዱ በሞት አፋፍ ላይ ለተኛው ዘመዱ ውኃ የሰጠ እየመሰለው ጥማቱን ሳያበርድለት ይቀራል፤ ሌላውም «ከእንግዲህ ምን ይጠቅመዋል» እያለ አንዲት ማንኪያ ውኃ ይነፍገዋል። የፊተኛው በመርፌ ይመካል፥ የኋለኛው በዕውቀት ይመካል፤ የሕመምተኛው ከንፈር ግን በሁለቱም ዘንድ እንደ ደረቀ ነው። የሁለቱንም ስሕተት ቀንና ሌሊት የምታየው ከአልጋው ራስጌ የምትቆመው ነርስ ስትሆን፥ ቃሏን አድምጦ የሚከተላት ጥቂት ነው።

ዲምቱ በወላይታ ዞን የዱጉና ፋንጎ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ወደ ቢላቴ ወንዝ እያዘቀዘቀ የሚወርድ ቆላ ስለሆነ የውኃን ክብር ለነዋሪው የሚነግር አስተማሪ አያስፈልግም። በበጋ ወራት ጀሪካን አዝለው ከሩቅ የሚቀዱ ሴቶችና ልጆች ያውቁታል። ለእንግዳ አስቀድሞ የሚቀርበው፥ ለደከመ መንገደኛ የሚዘረጋው፥ ለታመመ ሰው በመጀመሪያ የሚታሰብለት ውኃ ነው። እንዲህ ባለ አገር «ለአባትህ ውኃ አልሰጠህም» መባል ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ መሆኑ አያስደንቅም። ስለዚህም ነገሩ የሐኪሞች ነገር ብቻ አይደለም፤ የፍቅርና የክብር ነገር ነው።

በዚያ አገር አንድ ሸምገል ያለ አባወራ በጉበቱ ነቀርሳ ተይዞ፥ ሶዶ ከተማ ድረስ ተወስዶ ታይቶ፥ «ከእንግዲህ የሚድን አይደለም፤ በቤቱ ይረፍ» ተብሎ ተመለሰ እንበል። በመጀመሪያ እህል ይተዋል፤ ቀጥሎም ውኃ መዋጥ ይሳነዋል፤ ከዚያም ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋል። ልጆቹ ይመክራሉ፤ ጥጃ ይሸጣል፤ ሕመምተኛውን በቃሬዛ አውጥተው ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሱታል። የበኵር ልጁም «ሲስተር፥ እባክዎ ለአባታችን ግሉኮስ ይስቀሉላቸው» ብሎ ይለምናል። ነርሲቱ እግሩ ማበጡን፥ ከደረቱ እርጥብ ድምፅ መውጣቱን አይታ፥ «ወንድሜ፥ ይህ ለአባታችን ዕረፍት አይሰጣቸውም፤ ይልቅስ አፋቸውን እናርጥብላቸው» ትለዋለች። ልጁም፦ «ታዲያ አባታችን ሳይታከሙ ሞቱ እንዲባል ነውን?» ብሎ ይመልሳል።

የክርክሩ ሥር በዚህች በአንዲት ቃል ውስጥ አለ። ልጁ አባቱ ተጠማ አላለም፤ «እንዲባል ነውን» አለ እንጂ። የሚፈራው የአባቱን ጥማት ሳይሆን የለቅሶኛውን አንደበት ነው። በድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ጎረቤት «ለመሆኑ ግሉኮስ ተደርጎለታል?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ እንዳያጣ ጥጃውን ሸጠ። ይሉኝታ በዚህ ምድር ብዙ ነገር አስወድዷል፤ ሠርግን አስወድዷል፥ ተዝካርን አስወድዷል፤ አሁን ደግሞ ሞትን ራሱን አስወደደው። ልጁ ግን ክፉ ልጅ አይደለም። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ፍቅሩን የሚገልጥበት መንገድ ጠፍቶት ለላስቲክ ከረጢት አደራ ሰጠው እንጂ። ስለዚህ ነቀፋው በልጁ ላይ ሳይሆን ሌላ መንገድ ባላሳዩት በተማሩት ላይ ነው።

ለመሆኑ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ምንድር ነው? ሕዝቡ ግሉኮስ ብሎ የሚጠራውና ከመቶ 5 እጅ ስኳር ያለበት አንድ ሊትር ውኃ 50 ግራም ስኳር ይይዛል፤ ከርሱም የሚገኘው ኃይል ከ200 ካሎሪ አይበልጥም። ይህም አንድ ሙሉ ሰው በቀን ከሚያስፈልገው ምግብ ከዐሥር አንድ ገደማ ነው። ሌላው ዓይነት የጨው ውኃ ሲሆን በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው አለበት። እንግዲህ «ግሉኮስ ብርታት ይሰጠዋል፥ እንደ ምግብ ነው» የሚለው ወሬ ከንቱ ነው። ከረጢቱ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ጠብ ጠብ ሲል ለተመልካች ሕይወት የሚወርድ ይመስላል፤ የሚወርደው ግን ጥቂት ስኳር ወይም ጥቂት ጨው ያለበት ውኃ ነው።

ውኃም ቢሆን የሚቀበለው አካል ሲኖር ነው። በመጨረሻዎቹ ቀኖች የልብ ጉልበት ይደክማል፥ ኩላሊትም ሥራውን ይተዋል፤ በደም ውስጥ ውኃን ይዞ የሚያቆየው ንጥረ ነገር በረጅም ሕመም አልቋል። ስለዚህ በመርፌ የገባው ውኃ በደም ሥር ውስጥ አይቆይም፤ ወደ እግር ወርዶ ያሳብጣል፥ ወደ ሆድ ገብቶ ይነፋል፥ ወደ ሳንባ ገብቶ ትንፋሽን ያስጨንቃል፥ በጉሮሮም አክታን አብዝቶ ጣርን ያከብዳል። ማሳው ጠጥቶ ከጠገበና ቦዩ ከተደፈነ በኋላ ወንዝ ቢለቁበት አዝመራው ይበሰብሳል እንጂ አይለመልምም፤ ይህን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ሰውዬው የሚሞተው ውኃ ስላጣ አይደለም፤ ሰውነቱ በሕመሙ ምክንያት ሥራውን እየፈጸመ ስለሆነ ውኃ መፈለጉን ተወ እንጂ። ምክንያቱንና ውጤቱን ገልብጦ ማየት በዚህ ነገር የታላቁ ስሕተት መጀመሪያ ነው።

ይህን አስቀድመው ያስተዋሉት ነርሶች ናቸው። (ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1967 ዓ.ም. በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን የሕሙማን ማረፊያ ያቋቋመችውና በሞት አፋፍ ላሉ ሰዎች የሚደረገውን የዛሬውን እንክብካቤ የመሠረተችው ሲስሊ ሳንደርስ፥ ሐኪም ከመሆኗ በፊት ነርስ ነበረች። በ1983 ዓ.ም. ጆይስ ዘርዌክ የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በነርሶች መጽሔት ላይ ጽፋ፥ ሊሞት ለተቃረበ ሰው የውኃ መጕደል ሁልጊዜ ሥቃይ አለመሆኑን፥ አንዳንድ ጊዜም አክታን፥ ማስመለስንና እብጠትን በመቀነስ ዕረፍት እንደሚሰጥ ገለጠች። ያን ጊዜ ይህ ለብዙዎች የድፍረት ቃል ነበረ። እርስዋ ግን የተናገረችው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከአልጋ ዳር ካየችው ነው።

ከዚያ በኋላ ሐኪሞች ነገሩን በምርመራ አዩት። በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ ጽሑፍ 32 ሕሙማን እስኪያርፉ ድረስ ሲጠየቁ፥ አብዛኞቹ ረኃብ ፈጽሞ አልተሰማቸውም፤ ጥማትም ለአብዛኞቹ ወይ አልተሰማቸውም ወይም በመጀመሪያ ብቻ ተሰማቸው። የተጠሙትም በጥቂት ጉንጭ ውኃ፥ በበረዶ ቍራጭና በአፍ ማርጠብ ዕረፍት አገኙ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በነቀርሳ የተያዙ 129 ሕሙማን በሁለት ወገን ተከፍለው ለአንደኛው ወገን በየቀኑ አንድ ሊትር፥ ለሁለተኛው 100 ሚሊ ሊትር ብቻ የጨው ውኃ ከቆዳ ሥር ተሰጣቸው፤ የትኛው ምን እንደተሰጠው ሕመምተኛውም መርማሪውም አያውቅም ነበር። በመጨረሻ በድካም፥ በእንቅልፍ ብዛት፥ በቅዠት፥ በዕድሜም ርዝመት ቢመዘኑ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። 129 ሰዎችን ማየት ነገሩን ሁሉ ይዘጋዋል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን «ግሉኮስ ባይሰቀል ገደልነው» የሚለውን ክስ ለማፍረስ ይበቃል።

ይልቁንም የሚያሳዝነው ሌላ ነው። የሚሞት ሰው አፍ የሚደርቀው አብዛኛውን ጊዜ አፉን ከፍቶ ስለሚተነፍስና ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጡት መድኃኒቶች ምራቅን ስለሚቀንሱ ነው። ይህንንም ድርቀት በክንድ የገባ ውኃ አያርሰውም። ስለዚህ በብዙ ቤት ከረጢቱ ተሰቅሎ ዘመድ ሁሉ ጠብታውን ሲቈጥር፥ ከበታቹ ያለው ምላስ እንደ ሸክላ ተሰንጥቆ ይታያል። ሁሉ ወደ ላይ ያያል፥ ወደ ታች የሚያይ የለም። በቅኔ ቤት እንደሚባለው ሰሙን ይዞ ወርቁን መጣል ማለት ይህ ነው።

በቅዱስ ወንጌል የተነገረውን የነዌንና የአልዓዛርን ነገር የማያውቅ ካህን የለም። ያ ባለጸጋ በሥቃይ ሳለ ወደ አብርሃም ሲጮኽ ምን ለመነ? ጋን ሙሉ ውኃ አልለመነም፥ ወንዝም አልለመነም፤ የጣት ጫፍ በውኃ ተነክሮ ምላሱን እንዲያቀዘቅዝለት ለመነ እንጂ። የሰው መጨረሻ ጥማት ምን ያህል ውኃ እንደሚሻ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም። ጌታም በመስቀል ላይ ሳለ መጠማቱን በገለጠ ጊዜ ወደ አፉ የቀረበው ሰፍነግ ነበረ። የሰጡት ሰዎች አሳባቸውና የሰጡት መጠጥ ምንም ቢሆን፥ በሞት ጊዜ ጥማት ያለው በከንፈርና በምላስ ላይ እንደሆነ ሥራቸው ይመሰክራል።

የነርሶቹም ምክር ከዚህ የተለየ አይደለም። ሕመምተኛው ነቅቶ መዋጥ የሚችልና የሚሻ ከሆነ፥ ራሱን ከፍ አድርጎ በማንኪያ ጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ነው። ሲውጥ ቢያስለው ወይም ትን ቢለው ግን መጠጡ ወደ ሳንባው እየገባ ነውና ማቆም ይገባል። መዋጥ የተሳነውን በንጹሕ ውኃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጥጥ አፉን፥ ድዱንና ምላሱን በየሰዓቱ፥ ቢበዛ በየሁለት ሰዓቱ ማርጠብ፤ ጥጡንም ውኃው ወደ ጉሮሮ እንዳይንቈረቈር ጨመቅ ማድረግ፤ ከንፈሩን በቫዝሊን ወይም በቅቤ መቀባት ነው። ለዚህ ጥጃ አይሸጥም፥ ሶዶ አይኬድም። የሚያስፈልገው ሌሊት ነቅቶ የሚቀመጥ ሰው ብቻ ነው። ምናልባትም ከረጢቱ የተወደደው ስለዚህ ይሆናል፤ ከረጢት ሰቅሎ መተኛት ይቻላል፥ ከንፈር ለማርጠብ ግን መንቃት ግድ ነው።

«ከመሞት መሰንበት» ብለው የሚከራከሩ አሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ መሰንበት በሚቻልበት ስፍራ ሁሉ መሰንበት ይሻላል። ነገር ግን ሕመሙን ሳይሆን ጣሩን ብቻ የሚያስረዝም ነገር መሰንበት አይባልም። በዚህም ላይ ከላይ እንደተባለው ውኃው ዕድሜ መጨመሩ እንኳ አልተገኘም። እንግዲህ ለማይገኝ ዕድሜ የሚታይ እብጠትን መግዛት ከየትኛው ጥበብ ይቈጠራል? የጥጃውም ገንዘብ ከሞት በኋላ ለሚቀሩት ለእናትና ለልጆች ምግብ ይሆን ነበር።

ሌሎች ደግሞ፦ «ውኃ መድኃኒት አይደለም፥ የፍጥረት ድርሻ ነው፤ ስለዚህ በምንም ምክንያት አይከለከልም» ይላሉ። ለዚህም የሮሙን ሊቀ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስን በ2004 ዓ.ም. የተናገሩትን ይጠቅሳሉ። ነገር ግን እርሳቸው የተናገሩት አእምሯቸውን ስተው ለብዙ ዓመት ስለሚተኙ፥ ምግብና ውኃ ቢሰጣቸው በሕይወት ስለሚኖሩ ሰዎች ነበር፤ በነገና በዛሬ መካከል ሊያርፍ ስለተቃረበው አልነበረም። ይልቁንስ ነገሩን ከራስ ቤት ማየት ይሻላል። የንስሐ አባት ሥጋ ወደሙን ለታመመ ሊያቀብል በመጣ ጊዜ አስቀድሞ ይውጥ እንደሆነ ይጠይቃል፤ መዋጥ ለተሳነው በግድ አያደርግም። የጾሙም ሥርዓት ለታመመ ይራራለታል። ከሁሉ በላይ የሆነው ምግብ እንኳ የተቀባዩን ዐቅም አይቶ የሚሰጥ ከሆነ፥ 9 ግራም ጨው ያለበት ውኃ ምን ሆኖ ያለ ልክ ይሰጣል?

እስከዚህ የተነገረው መርፌን ብቻ ተስፋ ባደረጉት ላይ ነው። ወዲያ ማዶ ያሉት ግን ከነዚህ የባሱ ናቸው። እነርሱም «በሞት አፋፍ ውኃ አይጠቅምም» የሚለውን ቃል ሰምተው መርፌውን ከጽዋው ሳይለዩ ሁለቱንም የሚከለክሉ ናቸው። ይህ ስሕተት ምን ያህል አስከፊ እንደሆነ በእንግሊዝ አገር ታይቷል። በዚያ አገር የሚሞቱ ሰዎችን ለመንከባከብ የሊቨርፑል መንገድ የተባለ ሥርዓት ወጥቶ በብዙ ሆስፒታሎች ይሠራበት ነበር። አሳቡ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ሠራተኞች ሥርዓቱን እንደ ዝርዝር ብቻ ይዘው፥ ውኃ የሚለምን ሕመምተኛ ሲከለከል ያዩ ቤተ ዘመዶች ጮኹ። በ2013 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፥ በጁሊያ ኑበርገር ሊቀ መንበርነት የተደረገው ምርመራ አቤቱታቸውን ሰምቶ ሥርዓቱ እንዲቀር ፈረደ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ቀረ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ መመሪያ የሚሻና የሚችል ሁሉ እንዲጠጣ መርዳትን፥ አፍና ከንፈርን መንከባከብን፥ በመርፌ ስለሚሰጠውም ጥቅሙንና ጉዳቱን ለሕመምተኛውና ለቤተ ዘመዱ ማስረዳትን ያዝዛል።

ሦስተኛም ነገር አለ፤ ከዚህ ጋር መደባለቅ የለበትም። በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት 307 ነርሶች ተጠይቀው፥ ከነርሱ 102ቱ ሞታቸውን ለማፋጠን ብለው በፈቃዳቸው ምግብና መጠጥ የተዉ ሕሙማንን እንደተንከባከቡ መሰከሩ፤ ብዙዎቹም ሞታቸው ሰላም ያለበት እንደነበረ ተናገሩ። ነርሶቹ ያዩትን ተናገሩ፤ ምስክርነታቸውም ሰውነት ለመሞት ሲቃረብ ያለ ውኃ መሆን ሁልጊዜ የሥቃይ ሞት አለመሆኑን ያስረዳል። ይሁን እንጂ መጠጣት እየቻለ ለመሞት ብሎ መተውና፥ ሰውነቱ መጠጣትን ትቶት ማረፍ አንድ አይደሉም። የፊተኛው ሕይወትን መግፋት ነው፥ የኋለኛው የሕይወትን ፍጻሜ መቀበል ነው። ነርሲቱ «ግሉኮስ አያስፈልግም» ስትል የምትናገረው ስለ ኋለኛው ነውና በፊተኛው ስም ልትከሰስ አይገባም።

እንዲሁም ይህ ቃል ለሁሉ ሕመምተኛ የተነገረ እንዳይመስል መጠንቀቅ ይገባል። በደም ሥር ውኃ መስጠት የተጀመረው በ1832 ዓ.ም. ቶማስ ላታ የተባለ ሐኪም በስኮትላንድ በኮሌራ የወደቁትን ለማንሣት በሠራው ሥራ ነው፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ነፍስ አድኗል። በተቅማጥ ለደረቀ ሕፃን፥ ለወላድም ደም ለፈሰሳት ውኃ መስጠትን ማዘግየት ነፍስ ማጥፋት ነው። በማይድን ሕመም ውስጥ ያለም ቢሆን፥ አእምሮው የተናወጠው በውኃ መጕደል ወይም በመድኃኒት መከማቸት ምክንያት እንደሆነ ሐኪሙ ቢጠረጥር፥ ለጥቂት ጊዜ ሞክሮ ማየትና ካልረዳው መተው የተገባ ነው። መሞቱ ተቃርቧል ብሎ መፍረድም የጎረቤት ሥራ አይደለም፤ የሐኪምና የነርስ ምርመራ ነው። አንዱ ከረጢት በአንዱ አልጋ ላይ ሕይወት፥ በሌላው ላይ ሸክም ይሆናል፤ መለየት የጥበብ ሥራ ነው።

ይህን መለየት የምትችለዋ ነርስ ግን ዛሬ በሁለት ወፍጮ መካከል ናት። ከላይ ያለው «ስቀዪ» ሲላት ትሰቅላለች፤ ቤተ ዘመድ ሲቈጣት የደረቀ ደም ሥር ፍለጋ ክንዱን ደጋግማ ትወጋለች፤ ያበጠውንም ክንድ የምታየው እርስዋ፥ የሕመምተኛውንም ማቃሰት የምትሰማው እርስዋ ናት። አሳቧን የሚጠይቃት ግን የለም። በዚህ አገር ይህን ሥራ መንገድ ያስያዘው ማን እንደሆነ ቢታሰብ ነውር ይሆናል፤ በ2003 ዓ.ም. ሆስፒስ ኢትዮጵያን በአዲስ አበባ የመሠረቱት ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን ነርስ ናቸው፤ የተጀመረውም በሽተኛን በቤቱ ሄዶ በመንከባከብ ነው። በ2016 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ስለ ሕመም ማስታገሥ እንክብካቤ አገር አቀፍ መመሪያ አወጣ። መመሪያው ከመደርደሪያ ወርዶ ዲምቱን ወደሚመስሉ ከተሞች የሚደርሰው ግን ነርሲቱ ስትናገር የሚሰማት ሐኪም፥ ስትመክር የሚቀበላት ቤተ ዘመድ፥ ስትከሰስ የሚቆምላት ካህን ሲገኝ ነው።

የካህኑ ድርሻ ከሁሉ ይበልጣል። የንስሐ አባት ወደ ታመመው ቤት በገባ ጊዜ «ግሉኮስ ተሰቀለ ወይ» ብሎ እንደ ጎረቤት ከመጠየቅ «ከንፈሩን ማን ያርሰዋል» ብሎ ቢጠይቅ፥ በዚያች ሌሊት የቤቱ ሥርዓት ይለወጣል። ጥጡን ራሱ አንሥቶ የሽማግሌውን አፍ አንድ ጊዜ ቢያርስ፥ ከመቶ ስብከት ይልቅ ያስተምራል። የዕድር ዳኞችም በድንኳን ውስጥ «ሳይታከም ሞተ» የሚለውን ቃል ቢገሥጹ፥ የብዙ ድኻ ልጅ ጥጃ ይተርፋል። የተማረውም የከተማ ሰው ዘመዱን ሊጠይቅ ሲሄድ ለከረጢት መግዣ ገንዘብ ከመወርወር አንዲት ሌሊት ተቀምጦ ቢያድር ውለታው ይበዛል።

በዲምቱ ያለው ያ ልጅ መልስ ይገባዋል። መልሱም ይህ ነው፦ አባትህ ሳይታከሙ አልሞቱም። ሕክምናቸው ግን የሚሰቀል ሳይሆን የሚያቀርብ ነበረ። ጀሪካን አዝላ ከሩቅ የቀዳች እናትህ ያመጣችው ውኃ በቤት አለ፤ በጎድጓዳ ሳሕን ጥቂት ቅዳ፥ ንጹሕ ጨርቅ ንከር፥ ጨመቅ አድርግ፥ ከንፈራቸውን አርስ። ያ ባለጸጋ ለምኖ ያጣትን የጣት ጫፍ ውኃ አንተ ሳትለመን ስጥ። ለቅሶኛው ምን እንደሚል ለለቅሶኛው ተወው።